ድረቅ፣ ቃም፣ ሂድ

ብዙነህ ቢተው ጭነኛ ነበር። ጭነኛ ማለት የሰው እቃ በሰው በቅሎ ጭኖ በራሱ እግር የሚሄድ ሰው ነው። የቆላው ጥጥና በርበሬ ከዓባይ በኩል ወደ መካነ ሰላም ገበያ የሚወጣው፣ ጨውና አቡጀዲ ደግሞ ወደ ታች የሚወርደው እንደ እሱ ባሉ ሰዎች እግር ነበር። ነጋዴው ጥላ ሥር ተቀምጦ «ጭነቱ ደረሰ ወይ?» ይላል እንጂ እንዴት እንደደረሰ ጠይቆ አያውቅም። ቢጠይቅማ ኖሮ ብዙ ነገር ይሰማ ነበር።

የብዙነህ መንደር ወይራ ደጅ ከገደሉ ሥር፣ ከሙቀቱ አገር ነው። ከዚያ ተነስቶ እስከ ደጋው አፋፍ ያለው አቀበት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ታች ሲነሱ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ሽቅብ ማለት ሲጀምሩ ደግሞ ሰውነት በራሱ ይግላል፣ ላብ ከአናት እስከ ተረከዝ ይወርዳል፣ እጀ ጠባብ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል። ሰው «እፎይ» ብሎ አፋፉ ላይ ብቅ ሲል የደጋው ነፋስ ቆሞ ይጠብቀዋል። እዚያ ላይ ነው ሰው የሚያልቀው። አቀበት የገደለው ጭነኛ የለም፤ የገደላቸው ሁሉ አቀበቱን ጨርሰው ነው የሞቱት።

ስለዚህ ጭነኞች ለዚያ አፋፍ ሕግ አላቸው። ሦስት ቃል ነው፦ ድረቅ፣ ቃም፣ ሂድ።

ድረቅ ማለት እንዲህ ነው። አቀበቱ ሳይጀመር ጋቢ ይወልቅና ተጠቅልሎ ላብ እንዳይነካው ከጭነቱ መሐል ይቀመጣል። አፋፍ ሲደረስ ደረትና ጀርባ በደረቅ ጨርቅ ይታሻል፣ ጋቢው ይለበሳል። ቃም ማለት ከስልቻው ሁለት እፍኝ በሶ ወደ አፍ መበተን ነው። ሂድ ማለት ደግሞ አለመቀመጥ ነው። ድንጋይ ቢመችም፣ ጉልበት ቢከዳም፣ ሰውነት ቀስ እያለ እስኪረጋ ድረስ ይኬዳል።

ይህን ያስተማረው አባቱ ቢተው ነው። «ላብ ደግ አገልጋይ ነው» ይል ነበር ሽማግሌው። «ሲያቃጥልህ መጥቶ ያበርድሃል። ግን በቃ የሚባል ነገር አያውቅም። አንተ ቆመህ እንኳን ማብረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ራስህ አሰናብተው።» ብዙነህ ያኔ ጢሙ ገና ያልበቀለ ጎረምሳ ነበር፤ የአባቱን ነገር በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈስስ ነበር። ፈንታው እስኪሞት ድረስ።

ፈንታው የነጋዴው አሽከር ነው፤ ቀልደኛ፣ ጉልበተኛ። አንድ ኅዳር ላይ አብረው ወጡና አፋፉ ላይ ሲደርሱ ፈንታው ድንጋዩ ላይ ዘፍ አለ። ቢተው «ተነስ» ቢለው «አባባ፣ እርስዎ አርጅተው ነው የሚበርድዎ» ብሎ ሳቀበት። ላቡ ላዩ ላይ ደረቀ። መካነ ሰላም ሲገቡ ጥርሱ ይፋጭ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ጎኑን ውጋት ያዘው፤ በሳምንቱ ተቀበረ። ከቀብር ሲመለሱ ቢተው ለልጁ «አየህ?» አለው። ብዙነህም ከዚያ ቀን ጀምሮ የተቀመጠ ሰው ሲያይ ሄዶ ያስነሳል።

እያደር ከአባቱ በለጠ። አብሮት የሚወጣውን ሰው ሁሉ በእጁ ጀርባ አንገቱን እየነካ «አንተ ቀስ በል፣ ጋልህ»፣ «አንተ ቁልፍህን ፍታ»፣ «አንተ አሁን ልበስ» ይላል። ተሳስቶም አያውቅም። ጓደኞቹ «የላብ ዳኛ» አሉት። ለመቀለድ ያወጡት ስም ነው፣ እሱ ግን ወደደው። ሃያ ዓመት ሙሉ በእሱ መሪነት አፋፉን ካለፈ ሰው አንድም ብርድ የመታው አልነበረም። ይህን ሲናገር ትንሽ ይጎርር ነበር፣ ይቅርታ ይደረግለትና።

የማትፈራው ሚስቱ ሸጋዬ ብቻ ነበረች። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ እርስ በርሳቸው እየተቀላለዱ ነው ያረጁት። በሶውን የምትቆላ፣ የምትፈጭ፣ በጨው አሽታ ስልቻው ውስጥ የምታስርለት እሷ ነች። «የላብ ዳኛ» ትለዋለች እያሰረች፣ «ከሦስቱ ሕግ አንዱ የእኔ ነው። ስምህን ስታስጠራ የእኔንም ጥራ።»

«በሶ ደግሞ ሕግ ነው?» ይላል እሱ። «አባቴ ሆዳም ስለነበረ ነው ከመሐል የሰነቀረው። ለአፍ ማሟሻ ነው እንጂ።»

«ተወው እንግዲያ፣ አትያዘው» ብላ ስልቻውን ትነጥቀዋለች። እሱም እየሳቀ መልሶ ይነጥቃታል። ትዳራቸው በአመዛኙ ይህን ይመስል ነበር።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። በስድሳ አራት ክረምቱ ቶሎ ተቆረጠ፤ በስድሳ አምስት በልጉ ጭራሽ ቀረ። መጀመሪያ ያለቀው የሚጫነው ነገር ነው፤ ቀጥሎ የሚጭኑት በቅሎዎች አለቁ፤ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ወደ ደሴ ሄደ። ጭነኛ ጭነት ሲያጣ ምን ይሆናል? ጌታ አለኝ እንዳይል ጌታው ሄዷል፣ መሬት አለኝ እንዳይል መሬቱ የሰው ነው። ብዙነህ ሐምሌ ላይ ጋቢውን በሁለት ጣሳ ማሽላ ለወጠ። ማሽላው እንደምንም አሥራ አንድ ቀን አቆያቸው። የበሶው ስልቻ ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ደርቆ ተጨማደደ፤ በመጨረሻም ሸጋዬ ቀቀለችውና ውሃውን ጠጡት።

ነሐሴ ሲገባ በመካነ ሰላም የእርዳታ ስንዴ ይታደላል የሚል ወሬ ወረደ። ወሬውን ያመጣው ሰው ራሱ ስንዴውን አላየውም፤ ያየ ሰው ግን አይቷል። ሸጋዬ እግሮቿ አብጠው ነበር። «እዚሁ ልሙት፣ አንተ ሂድ» አለችው። ብዙነህ እንኳን እሷን፣ የስንቱን ነጋዴ ሻንጣ አፋፍ አድርሶ የለ? «እኔ እያለሁ» አላት። ከልቡ ነበር ያላት። በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ሰውን ከታች ወደ ላይ ሳይበርደው ማውጣት ነው፤ ያለችውም ሰው እሷ ብቻ ነች።

ማለዳ ተነሱ። አቀበቱን በየሃያ እርምጃው እየቆሙ ወጡት። ድሮ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ቀትርም አልፎ ብዙ ቆየባቸው። ከአቀበቱ ወገብ ላይ ዝናብ ያዛቸው፤ ነጠላዋ ረጥቦ ከአጥንቷ ጋር ተለጠፈ። ብዙነህ እንደ ልማዱ አንገቷን ነካ። ላብ አላት፣ ግን ያ የሚያውቀው ትኩስ ላብ አልነበረም። ዝናቡ ነው አለ በልቡ። ሕጉን አሰበ። እንዳትደርቅ ጋቢው ተሸጧል። እንዳትቅም በሶው የለም። ከሦስቱ የቀረችው አንዷ ብቻ ነች፣ እሷንም በሁለት እጁ ያዛት።

አፋፉ ላይ የሩቂያ ቤት አለች። ሩቂያ ባሏ ጭነኛ የነበረ መበለት ነች፤ ቤቷ ከመንገዱ ዳር ስለሆነ ጭነኞች ሁሉ ያውቋታል። ያን ቀን ከደጃፏ ቆማ ዝናቡን ታይ ነበር። እሷም ከስታለች፤ ድምጿ ግን ያው ነው።

«ብዙነህ፣ ምነው ሰው ይዘህ በዚህ ዝናብ? ግቡ እንጂ። የምትበሉት የለኝም፣ አልዋሽም። እሳት ግን አለ፣ ኩበት አልጠፋም። እስኪያባራ ተቀመጡ።»

ከበሩ ውስጥ እሳቱ ይታይ ነበር። ብዙነህም አየው። ደግሞም ፈንታው የተቀመጠበትን ድንጋይ አየ፤ ከቤቷ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም።

«እትዬ ሩቂያ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለ። «ከተቀመጠች ግን አትነሳም። እሳት ዳር የተዘናጋ ሰውነት ውጭ ሲወጣ ይመታዋል። እርስዎም ያውቁታል።»

«እኔ የማውቀው የበረደው ሰው እሳት እንደሚሻ ነው» አለች ሩቂያ።

የብዙነህ የበረባሶ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበርና ፈንጠር ብሎ ጎንበስ አለ። ሴቶቹ ከደጃፉ አንድ ሁለት ቃል ሲለዋወጡ ሰማ፣ ነፋሱ ግን ቃሉን ወሰደው። ቀና ሲል ሸጋዬ ወደ እሱ እየመጣች ነበር። ሩቂያ ከኋላዋ «አብሽሪ፣ አላህ መንገዱን ያግራው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ነው፣ ሁለት ሰዓት የማይሞላ። ሸጋዬ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ለእሱ ይሰማዋል። «ጠንከር በይ» አላት። «እግርሽን አንሺ፣ መንገድ ያሞቃል። የሚሄድ ሰው አይበርደውም።» ክንዷን ይዞ ፈጠን አደረጋት። ተደናቀፈች፤ አነሳት። የሆነ ነገር አለችው፣ ምላሷ እንደ ሰከረ ሰው ተሳስሮ ቃሉ አልለይ አለው። እሱም ቢሆን የበላው ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ በእግሩ ያደረ ሰው ነውና እግሩ ከሆዱ በኋላም ጥቂት ቀን ይኖራል።

ከሜዳው አጋማሽ ሲያልፉ መንቀጥቀጧ ቆመ። ብዙነህ ዳነች አለ በልቡ። ትንሽ ሄደው ሸጋዬ ቆመችና ጥርት ባለ ድምፅ «ብዙነህ፣ ሞቀኝ» አለችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ጣለችው።

ብዙነህ ሳቀ። ከስንት ወር በኋላ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። «አላልኩሽም? አላልኩሽም እንዴ? መንገድ ያሞቃል አላልኩሽም?» በእጁ ጀርባ አንገቷን ነካ። እጁ እንደ አንገቷ በርዶ ነበርና የላብ ዳኛው ልዩነቱ አልታወቀውም። ነጠላውን አንስቶ ጨምቆ ትከሻው ላይ ጣለው። እሷም ፈገግ አለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ብርድም እንደዚያ ነው ለካ።

የመካነ ሰላም ቆርቆሮዎች በዝናቡ ውስጥ ብልጭ ማለት ሲጀምሩ ሸጋዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ተነሺ» አላት። ለመናት፣ ተቆጣት፣ ጎተታት። በመጨረሻ አዘላት። አዝሎ ሲሄድ ሰውነቱ ጋለ፤ ላቡ በግንባሩ ወረደ። እሱ እያላበው፣ እሷ ከጀርባው ላይ እየቀዘቀዘች ነው ከተማ የገቡት። ከእርዳታው ግቢ ሲደርስ በሩ ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ መንገድ ለቀቀለት። ለሕያው የማይለቀቅ መንገድ ለሬሳ ይለቀቃል። ስንዴው ከሦስት ቀን በፊት አልቆ ነበር።

ብዙነህ አልሞተም። ለምን እንዳልሞተ እሱም አያውቅም። በኋላ ስንዴ መጣ፣ ቆይቶ ዱቄት መጣ፣ እሱም ጆንያ በማራገፍ ተቀጠረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አንድ ነገር አንጀቱን ሲበላው ኖረ፦ ተቀምጣ ሞተች። ፈጠን አድርጌ ባስኬዳት፣ ያቺን የመጨረሻ ሜዳ ባትቀመጥ፣ ትድን ነበር። ስለዚህ ከግቢው ውጭ በብርዱ የተቀመጠ ርሃብተኛ ባየ ቁጥር ሄዶ ይቀሰቅሰዋል። «ተነስ፣ ሂድ፣ የተቀመጠ ይሞታል።» አንዳንዱ ይሰድበዋል። አንዳንዱ ግን አምኖት ይነሳና ይሄዳል። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። መሬት ለአራሹ ተባለ፤ ለብዙነህም ከወይራ ደጅ በላይ አንድ ቁራሽ ደረሰው። ዕድሜ ልኩን የሰው ጭነት ተሸክሞ መሬት ያልነበረው ሰው፣ መሬት ሲያገኝ ገብስ ዘራበት። ገብሱ አማረ። የሚቆላው ሰው ግን አልነበረም።

በዚያው በስድሳ ሰባት ተማሪ ዘማቾች መጡ። አንደኛው በላይ የሚባል፣ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሕክምና የተማረ ልጅ ነው። ቅንነቱ ከፊቱ ይነበባል፣ የገበሬውም ነገር ያስደስተዋል፤ ትምህርት ሲሰጥ እጆቹን እንደ ሰባኪ ያወናጭፋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዋርካው ሥር ሰው ሰብስቦ ስለ ብርድና ስለ ሙቀት ያስተምር ነበር። ብዙነህ እጁን አወጣ። በሕይወቱ የሚያውቀው ትምህርት ተነስቶ ዝም ሊል አልቻለም።

«እኛ ጭነኞች አንድ ነገር አለን፣ ልጄ» አለና ሦስቱን ቃል ተናገረ።

በላይ ደስታውን መያዝ አቃተው። «ጋሼ፣ ይህ እኮ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው። ሰው ሲደክም ሰውነቱ ይሞቃል፣ ላብ ያወጣዋል፣ ሥራው ሲቆም ግን ላቡ ማብረዱን አያቆምም። ድረቅ ያላችሁት ልክ ነው። ዋናው ግን መሐለኛው ነው።»

«የቱ መሐለኛው?»

«በሶው። ሰውነት ሲሄድ የሚሞቀው እህል እያነደደ ነው። እህል የሌለው ሰው ቢሄድ የሚነደው የራሱ ሥጋ ነው፤ እሱም ሲያልቅ መሄዱ ጭራሽ ያቀዘቅዘዋል። መንቀጥቀጥም ሩጫ ነው፣ ሰውነቱ ቆሞ የሚሮጠው። የበረደው ሰው መንቀጥቀጡን ካቆመ ዳነ ማለት አይደለም፣ ማገዶው አለቀ ማለት ነው።»

ብዙነህ ወደ ልጁ አንድ እርምጃ ቀረበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀ፣ «ሞቀኝ ቢልስ?»

«እሱ ነው ክፉው» አለ በላይ፣ ጥያቄው ስለጣመው ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ሊሞት የደረሰ ሰው ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ይጥላል። ያን ሰው ማስኬድ መግደል ነው። ቀድሞ ማስቀመጥ ነበር፤ እርጥቡን ማውለቅ፣ እሳት ዳር ማድረግ፣ ማቀፍ። እሳት ካለ ብዙ ሰው ይድናል።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አለ ብዙነህና ተቀመጠ። ልጁ ምን እንዳደረገ አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ውሻው ባይጮህ ይሻል የነበረበትም ጊዜ አለ።

በማግሥቱ ብዙነህ በጆንያው ሥራ የገዛውን ጋቢ ጠቅልሎ በብብቱ ያዘና ወደ አፋፉ ወጣ። ጭነት የለውም፣ በቅሎ የለውም፣ ግን በጥድፊያ ነበር የወጣው። ሩቂያ ቤት ሲደርስ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። ሩቂያ አርጅታለች፤ እሳቷ ዳር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

«እትዬ ሩቂያ» አለ ከደጃፉ ቆሞ፣ «ያን ቀን እርስዎ ልክ ነበሩ።»

የትኛው ቀን ብላ አልጠየቀችውም። እንዝርቷን አስቀመጠች። «ያለፈ ነገር ነው። አላህ የጻፈው አይቀርም። ና ግባ፣ ጋቢህን ልበስ፣ ላብህ ሳይደርቅብህ።»

«ከደጃፍዎ ላይ ምን አለችዎት?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ይንገሩኝ።»

ሩቂያ እሳቱን ቆሰቆሰች፣ አመዱን ወደ ዳር ሰበሰበች፤ ሥራ ስታጣ ነው ቀና ያለችው። «አንድ እግሯን አስገብታ ነበር» አለች። «መቀመጫ ዱካ ስቤላት ነበር፣ ይህችኑ። ‹ልቀመጥ ይሆን?› አለችኝ። ‹ተቀመጪ› አልኳት። እሳቱን አየችው። ከዚያ ዞር ብላ አንተን አየችህ፣ ጫማህን ስታስር። ‹ተይኝ፣ እሱ ያውቃል› አለችና እግሯን መልሳ አወጣችው።»

ሩቂያ ዱካዋን አንስታ እሳቱ ዳር አስጠጋችለት። ብዙነህ ገባ፣ ግን አልተቀመጠም። ከብብቱ ደረቁን ጋቢ አውጥቶ በደንብ አጥፎ ዱካዋ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ በላቡ እንደራሰ ወደ ነፋሱ ወጣ። ሩቂያ ከደጃፏ ቆማ ሁለት ጊዜ ስሙን ጠራችው። የፈንታው ድንጋይ ድረስ ሄደና ተቀመጠበት።